ማኅተም ያላረፈበት ዝርዝር፦ የኢንጂነር ሎሪስ ሚትሪ ሸማስ የሕይወት ታሪክ

ኢንጂነር ሎሪስ ከአባታቸው ከሚትሪ ሸማስ እና ከእናታቸው ከዓፊፋ ነስር፣ በሰሜን ሊባኖስ ትሪፖሊ አጠገብ በምትገኘው በሚና የወደብ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1956 ተወለዱ። አባታቸው ከባሕር ወለል ሰፍነግ እየለቀሙ የሚያወጡ ጠላቂ ነበሩ። እናታቸው የሙሽራ ልብስ ይሰፉ ነበር። ኢንጂነር ሎሪስ ከአምስት ልጆች ሁለተኛዋ ሲሆኑ የመጨረሻው እኔ ነኝ፤ ይህን የጻፍኩትም ዛሬ በፊታችሁ የማነበውም እኔ ወንድማቸው ናዲም ነኝ። በዘጠኝ ዓመት ይበልጡኛል፤ አዝለው ያሳደጉኝ እርሳቸው ናቸው። በቤታችን “አንቺ” ነበር የምላቸው፤ ዛሬ ግን በክብር ልሸኛቸው የመጣሁ በመሆኔ “አንቱ” እላቸዋለሁ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ ሚና በሚገኘው የሴቶች ትምህርት ቤት ተከታትለው በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ሆነው አጠናቀቁ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ አባታችንን አስጠርተው “ይህች ልጅ ጥሩ መምህርት ይወጣታል” ቢሏቸው፣ አባታችን “መምህርት ሞልቷል፤ ይህቺ ድልድይ ትሥራልኝ” ብለው መለሱ። በ1975 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ኦዴሳ ሄዱ። ስድስት ዓመት ተምረው በሕንፃ ምህንድስና ተመረቁ። እርሳቸው በሄዱበት ዓመት አገራችን የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ገብታ ስለነበር፣ የክፍል ጓደኞቻቸው እዚያው እንዲቀሩ መክረዋቸው ነበር። እርሳቸው ግን በ1981 በመርከብ ተመለሱ። በጦርነቱ ዓመታት ሥራቸው አዲስ ሕንፃ መሥራት አልነበረም። መድፍ የመታውን ቤት እየዞሩ አይተው “በዚህ በኩል ግቡ፣ በዚያ በኩል አትግቡ” እያሉ ለሰው ይናገሩ ነበር።

በ1984 ከሒሳብ መምህሩ ከወሂብ ደባስ ጋር በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ1987 ልጃቸውን ሃላን ወለዱ። ወሂብ በ2011 በልብ ሕመም እስኪያርፉ ድረስ ሃያ ሰባት ዓመት በፍቅርና በክርክር አብረው ኖሩ። ክርክሩን የማነሳው እርሳቸው ራሳቸው “ውሸት እንዳትጽፍብኝ” ብለው ስላዘዙኝ ነው።

ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ፣ በ1991፣ “ሸማስ የምህንድስና ቢሮ” የተባለውን ድርጅት ከፈቱ። የዓሣ አጥማጆቹን መውረጃ፣ ሁለት ትምህርት ቤቶችና በሰሜኑ አውራጃ የሚገኙ ብዙ መኖሪያ ቤቶችን ሠሩ። እኔም ከ1994 ጀምሮ የቢሮው ሥራ አስኪያጅ ሆኜ አብሬያቸው ቆየሁ። የሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታው በፊት ቀና ብለው የጣሪያውን ሶሌታና የተሸከመውን የኮለን ምሰሶ ያዩ ነበር። የአክስታችን ልጅ ሠርግ ላይ ዘመድ ሁሉ ሰገነት ላይ ወጥቶ ወለሉን እየመታ ዳብኬ ሲጨፍር ሙዚቃውን አስቁመው ሰውን አወረዱ። ሙሽራው ተናዶ “ሎሪስ እኮ ሠርግም ላይ የምታየው ኮለን ነው!” አለ። “አንተ ሙሽራዋን እይ፣ እኔ ኮለኑን ልይ” አሉት። ሰው ሳቀ፤ ጭፈራውም መሬት ላይ ቀጠለ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሕይወታቸው ክፍል ለመጻፍ ከብዶኛል። ግን እናንተ ከእኔ አፍ እንድትሰሙት ይገባል።

በ2019 መጨረሻ የአገራችን ገንዘብ ዋጋ አጥቶ መንግሥት ደመወዝ መክፈል ሲያቅተው፣ የአሮጌ ሕንፃዎችን ደህንነት የሚከታተለው መምሪያ ባዶ ቀረ። በ2021 በመጋቢት ወር የመምሪያው ኃላፊ፣ ሁላችን በአክብሮት “ኡስታዝ” የምንላቸው ረኡፍ፣ ወደ ቢሮአችን መጡ። መብራት ስለሌለ አምስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው ትንፋሻቸው ተቆራርጦ ነበር።

“ሲት ሎሪስ፣ እመቤቴ” አሉ ገና ሳይቀመጡ፣ “አሥራ ዘጠኝ መሐንዲስ ነበረኝ፤ ሦስት ቀሩኝ። ከሦስቱ አንዱ ታክሲ ይነዳል። ወረቀት እንኳ ከቤቴ ነው የማመጣው። ሕንፃዎቹን ያለ ክፍያ እንድታዩልኝ ልለምንሽ ነው የመጣሁት።”

“መቼ እንጀምር?” አሉ እህቴ። ሌላ አልጠየቁም።

ብቻቸውን አልገቡበትም። አንድ ሌላ የምህንድስና ድርጅት፣ አንድ የቅየሳ ድርጅትና አንድ የጠበቆች ቢሮ አሰባሰቡ። ሁሉም በነፃ ለማገልገል ተስማሙ። የጠበቆቹ ቢሮ ከመምሪያው ጋር የሚደረገውን ስምምነት አዘጋጀ። ዘጠነኛው አንቀጽ የጥናቱ ውጤት የመምሪያው ንብረት እንደሆነ፣ ያለ መምሪያው የጽሑፍ ፈቃድ ለማንም እንደማይገለጽ ይላል። እህቴ ብዕራቸውን ይዘው እዚያ ላይ ቆሙ።

“ናዲም፣ ይቺ ዘጠነኛዋ ምንድን ናት?”

“የተለመደች ናት። በየውሉ አለች። ፈርሚ” አልኳቸው።

ፈረሙ። እኔም በምስክርነት ፈረምኩ። ይህን ቃሌን ዛሬ በአስከሬናቸው ፊት መናገሬ ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም።

አሥራ አንድ ወር ሠሩ። ስድስት መቶ ሠላሳ ሁለት ሕንፃ አዩ። ስልሳ አምስተኛ ዓመታቸውን ይዘው፣ ጉልበታቸው እያመማቸው፣ መብራት በሌለው ደረጃ እየወጡ፣ ምድር ቤት በቆመ ውሃ ውስጥ በቦት ጫማ እየገቡ ሠሩ። ከሁሉም ውስጥ አሥራ አምስቱን ሕንፃዎች ለይተው በቀይ ጻፏቸው፦ “በአስቸኳይ ይለቀቁ።” የካቲት 14 ቀን 2022 ጥናቱን በሦስት ቅጂ ለመምሪያው መዝገብ ቤት አስረከቡ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የገቢ ቁጥርና ቀን ጻፈችበት። ያን ዕለት ወደ ቢሮ ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ምንም አልተደረገም። ማስጠንቀቂያ አልተለጠፈም፤ ደብዳቤ አልወጣም። እህቴ በየሰኞው ወደ መምሪያው መመላለስ ጀመሩ። አንድ ሰኞ አብሬያቸው ገብቼ ነበር።

“ሰዎቹን አስወጥቼ የት ላስገባቸው?” አሉ ኡስታዝ ረኡፍ። “ድንኳን የለኝም። መጋዘን የለኝም። አንቺ ንገሪኝ፣ የት ላስገባቸው?”

“ቢያንስ ይንገሯቸው። መሄጃ ያለው ይሄዳል።”

“ከነገርኩ በኋላ ቢወድቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ካልነገርኩ ደግሞ…”

“ካልነገሩስ?”

“ሲት ሎሪስ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ።”

ክፉ ሰው አልነበሩም። በሐምሌ ወር ሥራቸውን ለቀው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄዱ። የተተኩት ሰው እህቴን ከአንድ ወር ቀጠሮ በኋላ አስገቧቸውና፣ መምሪያው ላልከፈለበት ሥራ ጥናት የሚለውን ስም ሊሰጥ እንደማይችል ነገሯቸው። “የበጎ ፈቃደኞች አስተያየት ነው” አሉ። “መምሪያው በአስተያየት ላይ ማኅተም አያሳርፍም።” እህቴ ከቢሮው ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። “በነፃ ስለሠራሁት ነው?” አሉኝ። “ከፍለውኝ ቢሆን በቀይ የጻፍኩት ኮለን ተሰንጥቋል ሊባል ነበር? በነፃ ሲታይ ነው እንዴ የሚድነው?”

አብረውን የሠሩት ድርጅቶችም አንድ በአንድ ራቁ። ከባለቤቶቹ አንዱ ስልክ ደውሎ እንዲህ አላቸው፦ “ሎሪስ፣ እህቴ፣ ነገ የውጭ ዕርዳታ ሲለቀቅ ሥራውን የሚያድለው ይኸው መምሪያ ነው። በሩን በላያችን ላይ አትዝጊብን።” እህቴ ስልኩን ዘጉት።

በጥቅምት ወር አንድ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ ለእኔ እንኳ ሳይነግሩኝ፣ የፈረሙትን ስምምነት ጥሰው ወደ ሳሙና ሠሪዎች ሰፈር ሄዱ። ከአሥራ አምስቱ ሁሉ የከፋው እዚያ ያለው የሻሂን ሕንፃ ነበር። ባለ አራት ፎቅ ሆኖ ተሠርቶ በኋላ ሁለት ፎቅ ተጨምሮበታል። ሃያ ሁለት ቤተሰብ ይኖርበት ነበር። በር በር አንኳኩ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኡም ዙሄይር የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ከምራታቸውና ከሦስት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው ሲያለቅሱ ያያችኋቸው እርሳቸው ናቸው። የሆነውን የነገሩኝም እርሳቸው ናቸው።

“ምሳ ሰዓት ላይ መጥተሽ ቤትሽን ልቀቂ ትይኛለሽ?” አሏቸው። “ነይ ቁጭ በይ፣ ምስር በሩዝ ሠርቻለሁ። ከበላሽ በኋላ ታባርሪኛለሽ።”

“ኡም ዙሄይር፣ የምድር ቤቱን ኮለን በጣቴ ፈረፈርኩት። በጣቴ! ውስጡ ያለው ብረት ዝጎ አልቋል።”

“እና የት ልሂድ? አንቺ ቤት?”

“አዎ። እኔ ቤት።”

ኡም ዙሄይር ሳቁ። እህቴ ግን አልሳቁም። በማግስቱ አምስት ሰው ፍራሽና የካናሪ ወፍ ጎጆ ተሸክሞ እህቴ ቤት ገባ። ሌሎች አምስት ቤተሰቦችም ወደ ዘመዶቻቸው ሄዱ። የቀሩት አልወጡም። በሕግ ከፍ በማይል ርካሽ አሮጌ ኪራይ የሚኖሩ ስለሆኑ ባለንብረቱ እነርሱን ለማስወጣት ብዙ ተንኮል ሞክሮባቸው ያውቃል። “እርሱ ነው የላከሽ” አሏቸው። ምድር ቤት ሱቅ የነበራቸው ልብስ ሰፊው ሐጅ ሙንዚር፣ ሰፈሩ ሁሉ ቃላቸውን የሚሰማ ሰው፣ የስፌት መኪናቸውን አቁመው በትሕትና እንዲህ አሏቸው፦ “ልጄ፣ አንቺን አልጠረጥርም። ግን እንዲህ ብሎ የመጣ ብዙ ነው። የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጪልኝ። ያን ዕለት ልብስ ሳልሰበስብ እወጣለሁ፤ ሰፈሩንም ይዤው እወጣለሁ።”

እህቴ ወደ መምሪያው ሮጡ። ማኅተሙን ለመኑ። ለመኑ የምለው ቃል ስላጣሁ አይደለም። መሬት ላይ ተንበርክከው እንደነበር የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ነግራኛለች። “የተከበሩ ኢንጂነር፣ ይነሱ፣ ያሳፍሩናል” ተብለው ተነሡ። ወረቀቱ አልተሰጣቸውም።

ከዚያ ሐሙስ በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የሻሂን ሕንፃ ወደቀ።

ዘጠኝ ሰው ሞተ። ሐጅ ሙንዚር አንዱ ናቸው። እህቴ ከነጠላ ጫማቸው ሮጠው ሄደው ከሰዉ ጋር በእጃቸው ድንጋይ አነሡ። የጣቶቻቸው ጥፍር ተነቅሎ ነበር። የሐጅ ሙንዚር ልጅ ሱዓድ አቧራ ለብሳ ቆማ አየቻቸው፤ አወቀቻቸው።

“አንቺ ታውቂ ነበር!” አለች። “ታውቂ ነበር አይደል?”

“አዎ።”

“ካወቅሽ ለምን አልጮኽሽም? ለምን መንገድ ላይ ወጥተሽ አልጮኽሽም? በር እያንኳኳሽ ታንሾካሹኪያለሽ?”

እህቴ ድንጋዩን ማንሣት ቀጠሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ተነሥተው እንጀምር የሚሉት ሥራ አልነበረም። ሱዓድ ያለችውን ብቻ ይደጋግሙት ነበር። ምግብ ስንሰጣቸው፣ “ለምን አልጮህኩም?” ይሉናል። ኡም ዙሄይር “እኔና ልጆቼ ባንቺ ነው የተረፍነው” ቢሏቸው፣ “እናንተ አምስት ናችሁ፤ እነርሱ ዘጠኝ ናቸው” ይሉ ነበር። እኔ ስምምነቱን እንዲፈርሙ ያልኳቸው ሰው፣ ምን ብዬ ላጽናናቸው? አንዴ “ጥፋቱ የእኔ ነው” አልኳቸው። እርሳቸውም “አንተ አንድ ቀን ነው የተሳሳትክ። እኔ ስምንት ወር ሙሉ ወረቀት ጠበቅሁ” አሉኝ።

መምሪያው ባወጣው መግለጫ፣ በጎ ፈቃደኛው ድርጅት ጥናቱን አጠናቆ እንዳላስረከበ ተናገረ። የገቢ ቁጥሩን ይዘን ሄድን፤ መዝገቡ አልተገኘም ተባለ። በዚያው ሳምንት እህቴ ሁለት መጥሪያ ደረሳቸው። አንደኛው ሕዝቡን ሳያስጠነቅቁ በመቅረታቸው፣ ሁለተኛው ደግሞ ምስጢር አውጥተው ሕዝቡን በማስጠንቀቃቸው ነበር። ሁለቱም ፋይሎች እስከ ዛሬ አልተዘጉም። ደንበኛ ሸሸን። በ2023 ቢሮአችን ተዘጋ።

እህቴ ግን ከአሥራ አምስቱ የቀሩትን አልተዉም። ለሚኒስትር፣ ለፍርድ ቤት፣ ለሙያ ማኅበር፣ ለጋዜጣ አርባ አንድ ደብዳቤ ጻፉ። መልስ የሰጠው አንድ ጋዜጣ ብቻ ነው፤ ያለ ማኅተም ማተም እንደማይችል ገለጸ። በየሰፈሩም ዞሩ። አሁን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መንገድ ላይ ይናገሩ ነበር። ልጆች “የተሰነጠቀች መሐንዲስ” ብለው ይከተሏቸው ጀመር። ሦስት ሕንፃዎች ውስጥ የነበሩ ሰዎች ሰምተዋቸው ወጡ። አንዱ ሕንፃ በወጡ በአምስተኛው ወር ባዶውን ወደቀ። ያን ቀን ተደስተው ይሆን ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው ዝርዝሩ ላይ መስመር ሲያሰምሩ አገኘኋቸው። “አሥራ አንድ ቀሩ” አሉኝና እርሳሱን አስቀመጡ።

በመጋቢት 2024 የጣፊያ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሃላ ከሲድኒ መጥታ አስታመመቻቸው፤ ኡም ዙሄይርም እንደ እህት አብረው አስታመሙ። የሕመም ማስታገሻ ከፋርማሲ በሚጠፋበት ሰሞን እንኳ አላማረሩም። የሚያሰቃያቸው ሌላ ነበር። በኅዳር ወር አልጋቸው ላይ እንዳሉ “ዝናብ ጀመረ?” ብለው ጠየቁኝ። “አዎ” አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። “የአርናኡት ሕንፃ መሠረት ውሃ ይገባዋል” አሉ። ኢንጂነር ሎሪስ ጥር 11 ቀን 2025፣ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ደህና ሆነው አልሞቱም። ተጽናንተው አልሞቱም። ይህን የምለው ውሸት እንዳትጽፍብኝ ስላሉኝ ነው።

አሁን እኔ የምስክርነት ፊርማዬን አፈርሳለሁ። ከእህቴ ጋር የሚቀበረው ዘጠነኛው አንቀጽ ይሁን፤ ዝርዝሩ አይቀበርም። የሚጠይቀኝ አካል አድራሻዬን ያውቃል። አድምጡ፦

በሳሙና ሠሪዎች ሰፈር የአርናኡት ሕንፃ፣ የቀሳብ ሕንፃ፣ እና ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለው ስም የሌለው ባለ አምስት ፎቅ። በወንዙ ዳር ቀድሞ ቆዳ ፋብሪካ የነበረው ቤት፣ የዘውቅ ሕንፃ፣ የባሩዲ ሕንፃ። በኮረብታው የመምህራን ሕንፃ፣ እና ፊት ለፊቱ ያሉት መንትዮቹ የሙራድ ሕንፃዎች፣ ሁለቱም። እዚሁ ሚና፣ በጀልባ ጠጋኞች መንገድ፣ የሰባግ ሕንፃና ከጎኑ ያለው አረንጓዴ ሰገነት ያለው ቤት።

እነዚህ አሥራ አንድ ናቸው። በእጃችሁ ባለው ወረቀት የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ እያንዳንዱ የት ላይ እንደተጎዳ በእህቴ የእጅ ጽሑፍ ታትሟል። ማኅተም የለበትም። ከእናንተ መካከል በእነዚህ ቤቶች የሚኖሩ ወደ ሃያ የሚሆኑ ሰዎችን ከዚህ ቆሜ አያለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ልጆቻችሁን ቤት ትታችሁ ነው የመጣችሁት። ከቀብሩ አትቅሩ አልላችሁም። አሁኑኑ ተነሥታችሁ ሄዳችሁ ልጆቻችሁን አውጡ። እህቴ አይቀየሙም። ቄስ ጀራስሞስ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ከፍተዋል፤ ኡም ዙሄይር በሩ ላይ ናቸው። አዳራሹ ስልሳ ሰው ይይዛል። በአሥራ አንዱ ሕንፃ የሚኖረው ከአራት መቶ በላይ ነው። ለቀሩት የት እንደምንል አላውቅም። አላውቅም። ውጡ ግን።

ኢንጂነር ሎሪስ ልጃቸውን ሃላን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ ሁለት እህቶችንና ሁለት ወንድሞችን ትተው አልፈዋል። ከሻሂን ሕንፃ የወጡት ስድስት ቤተሰቦችም በሐዘን መቀመጫው ከእኛ ጋር እንዲቀመጡ ቤተሰቡ ይጠይቃል። ሱዓድ የሐጅ ሙንዚር ልጅም መጥታለች፤ በፊት ወንበር ላይ ናት።

አምላክ ሆይ፣ በር ሲያንኳኩ ለኖሩት ለእህቴ በርህን ክፈትላቸው። ከዘጠኙ ጋር አገናኛቸው፤ እዚያ ማንም ማኅተም አይጠይቃቸው። ለእኛም፣ ከዚህ ስንወጣ፣ የምንሮጥበት ጉልበት ስጠን። አሜን።